የእማዬ ጓሮ ጎጆ፦ የአከዳደን ማስታወሻ

ታኅሣሥ 6

ዛሬ ምሰሶው ቆመ። ቦታው የእማዬ ጓሮ ነው፤ ከማንጎው ትንሽ ራቅ ብሎ። ከዚህ ጣና በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ማታ ማታ የሐይቁ ነፋስ ይደርሰናል። ትንኙም አይቀርም።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቡና የሚፈላባት አንዲት ክብ ጎጆ። ወርዷ 4 ሜትር፣ ግድግዳዋ እስከ ወገብ ጭቃ፣ ከዚያ በላይ ክፍት፣ ጣሪያዋ ሳር። ደግሞ ዝም ብሎ ሳር አይደለም። ባለ ሦስት ደረጃ ክዳን፣ ክፈፏን፣ ማለትም የጣሪያዋን የታች ጠርዝ፣ ዙሪያውን የሚያቅፍ ወፍራም የደንገል (ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል) ጥቅል፣ አናቷ ላይ ጉልላት። ደብተር ላይ ስስላት ሎጅ ነው የመሰለችው።

ምሰሶው ለጊዜው ነው። ሥራው ሲያልቅ ይነቀላል። በ4 ሜትር ቤት መሃል ግንድ ከተተከለ ረከቦቱ የት ሊቀመጥ ነው?

ሠፈሩ ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፎ "ምነው፣ ብር አነሰህ እንዴ?" አለኝ። ሳሩ በዋጋ ከቆርቆሮ እንደሚበልጥብኝ ብነግረው ሳቀ። አላመነኝም።

ታኅሣሥ 9

ከዳኙ መጡ። ሰባን የተሻገሩ ይመስለኛል። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ቡና ቀረበ፤ አልነኩትም። መጀመሪያ ወደ ወራጆቹ፣ ጣሪያውን ወደሚሸከሙት እንጨቶች፣ ሄዱ። ዞሩ። ራቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

"ልጄ፣ ይሄ ምጣድ ነው" አሉኝ።

"እንዴት አባባ?"

"የሚፈለገው አክንባሎ ነዋ!"

ጉዳዩ ቁልቁለቱ ነው። ከመሃል እስከ ክፈፍ 2.6 ሜትር አለ። እኔ ከፍታውን 2 ሜትር ብቻ ነበር ያደረግሁት። 38 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ሳር እንደ ቆርቆሮ ውሃ አይመልስም። ጠብታው ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይወርዳል። ቶሎ ከወረደ የሚርሰው የላዩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ከዘገየ ወደ ውስጥ መስረግ ይጀምራል። ቢያንስ 45 ዲግሪ ያስፈልጋል። ከፍታውን ወደ 3 ሜትር አወጣነው፤ 49 ዲግሪ መጣ። አባባ ዲግሪ የሚባል ነገር አላነሱም፤ በገመድና በዓይን ጨረሱት። በስልክ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ማታ፣ ተደብቄ።

ምሰሶው ለአዲሱ ከፍታ አጠረ። ወራጆቹም አጠሩ። የሦስት ቀን ሥራ ፈረሰ። አባባ ቡናቸውን ከዚያ በኋላ ጠጡ።

ታኅሣሥ 16

24 ወራጅ፣ እያንዳንዱ 4 ሜትር፣ ሁሉም ባሕር ዛፍ። ወራጆቹን ዙሪያውን የሚያስረው ማገር ከእንጅባራ የመጣ ቀርከሃ ነው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ።

ማሰሪያ ላይ ተከራከርን። እኔ ናይለን ገመድ ገዝቻለሁ። አባባ በጣታቸው አሽተው "ይሄ ያንሸራትታል፣ ፀሐይም ይበላዋል" አሉ። የፈለጉት ልጥ ነው፣ ከዛፍ የተላጠ ቅርፊት። ልጥ ደርቆ ከታሰረ ይሰበራል፤ ስለዚህ ማታውን ውሃ ውስጥ ማደር አለበት። የዘፈዘፍነው በእማዬ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ጠዋት ውሃው እንደ ጠላ ቡናማ ሆኖ አደረ። እማዬ አልተደሰተችም።

ናይለኑ ለልብስ ማስጫ ዋለ።

ታኅሣሥ 20

ሳሩ በአይሱዙ መጣ። 60 ሸክም ሰንበሌጥ። ጓሮው ጠፋ፤ ማንጎው ብቻ አናቱ ይታያል።

እኔ ሳር ሳር ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ሙሉ ቀን ያየሁት ማበጠር ነው። አባባ አንድ እቅፍ ያነሳሉ። ሥር ሥሩን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል፤ እኩል ይሆናል። ከዚያ ጣታቸውን እንደ ሚዶ ከፍተው ከላይ ወደ ታች ይስቡታል። ቅጠሉ፣ ገለባው፣ የተሰበረው ሁሉ ይራገፋል። የሚቀረው ቀጥ ያለ አገዳ ነው። ቅጠል ውሃ ይይዛል፣ የያዘው ውሃ ያበሰብሳል። አገዳ ግን ልሙጥ ነው። ያልተበጠረውን እስርና የተበጠረውን በየተራ በመዳፌ መታሁት። የመጀመሪያው ፍራሽ ነው። ሁለተኛው ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ከሰዓት እኔም ሞከርኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጣቴ ተቆረጠ። ሰንበሌጥ ስለቱ ስውር ነው፤ ቆርጦህ ሲያበቃ ነው የምታውቀው።

ማታ ላም ገብታ አንድ ሸክም የሚያህል በላች። የማን ላም? የዚያ "ብር አነሰህ" ያለኝ ሰውዬ።

ታኅሣሥ 24

ማበጠር። እማዬ ወንበር አውጥታ ታያለች። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት የሰፋች ሴት ናት፤ ሳር ሲነካ ዝም ብላ አታልፍም። ዛሬ እንዲህ አለች፦

"የእናንተ ሥራ የተገለበጠ ነው።"

"ምኑ?"

"ስፌት ከመሃል ይጀመርና ወደ ዳር ይሰፋል። እናንተ ከዳር ጀምራችሁ መሃል ላይ ልትጨርሱ ነው።"

አባባ ማበጠራቸውን አቆሙ። ትንሽ አሰቡ። "እውነትዎን ነው እኮ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "መሃሉ የሚበላሸው ለዚህ ነው" አሉ። ለምን እንደሆነ አላብራሩልኝም። ቆይቼ ገባኝ። ስፌት ላይ ስህተት ከሠራህ ገና ትንሽ እያለ ትፈታዋለህ። ክዳን ላይ ግን ከታች የሠራኸው ስህተት ሁሉ ተጠራቅሞ አናት ላይ ይጠብቅሃል።

ታኅሣሥ 27

የመጀመሪያው ረድፍ ታሰረ፤ ከክፈፉ ተነስተን ወደ ላይ። የታችኛው ረድፍ ሥሩ ወደ ታች ነው፣ ድርብ ነው፣ ክንድ ያህል ይወፍራል። ከዚያ የሚመጣው ረድፍ የታችኛውን ማሰሪያ መሸፈን አለበት። ማሰሪያ ከታየ ውሃ ያየዋል፤ ይህ የአባባ አነጋገር ነው።

የደንገሉን ጥቅል ዛሬ አመጣሁት። ታንኳ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፤ ልክ እንደ ታንኳው ጎን አጥብቆ ጠቅልሎ አሰረልኝ። የሰው ጭን ያህል ይወፍራል፣ ቀለሙ ገና አረንጓዴ ነው። ወዳጄ እንደሚለው የዳርቻው ደንገል እንደ ድሮው አይደለም፤ ለዚህ ጥቅል ሁለት ቀን ዞሯል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የእምቦጩን ነገር ግን ሁላችንም የምናየው ነው። እምቦጭን ለክዳን ቢያደርጉት ኖሮ ባሕር ዳር በሙሉ በነፃ ይከደን ነበር!

ጥቅሉን ክፈፉ ሥር ዙሪያውን አሰርኩት። እጅግ አማረ። አባባ ቆመው አዩት።

"ይሄ ምን ይሠራል?"

"ጌጥ ነው አባባ።"

"እሺ" አሉ። እሺታቸውን ግን አልወደድኩትም።

ጥር 4

ከገና በኋላ ሁለት ቀን እረፍት ስለነበር በጀልባ ዘጌ ደርሼ መጣሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብዙ ሰው የሚሄደው ለሥዕሎቹ ነው። እኔ ዛሬ ጣሪያ ጣሪያውን ነው ያየሁት። አስጎብኚው ስለ ሥዕሎቹ ሲያወራ እኔ አንጋጥጬ። "አንገትህን ነው የሚያምህ?" አለኝ በመጨረሻ።

እንዲህ ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክበብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ከውጭ የምታየው አንድ ትልቅ አክንባሎ ነው። ውስጥ ስትገባ ግን ጣሪያው ክበብ በክበብ ወደ መሃል እየወጣ እንደሚሄድ ይገባሃል። የእኛ ቤት ውበቱ ከውስጥ ነው የሚታየው እንዴ? እያልኩ ተመለስኩ። የእኔ ጌጥ ሁሉ ከውጭ ነው።

ጥር 10 – 12

ጥምቀት። ሥራ የለም።

ጥር 17

ደረጃዎቹ። እንዲህ ነው የሚሠሩት፦ ታችኛው ክዳን ሲሶው ላይ ይቆምና ቀጣዩ ረድፍ ወፈር ተደርጎ፣ ጫፉ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ወጣ ብሎ ይታሰራል። ከዚያ ጠርዙ በማጭድ እኩል ይከረከማል። ከሩቅ ሲያዩት ሦስት ቀሚስ የደረበች ሴት ትመስላለች።

መከርከሙን አባባ ለእኔ ተዉልኝ። ማጭዱን ስዬ መሰላል ላይ ወጣሁ። ሁለተኛውን ደረጃ ስጨርስ በጣም ስለተደሰትኩ ጠርዙን እንደ ሞገድ አወጣሁት፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ። ወርጄ ፎቶ አነሳሁ። ለሁሉም ሰው ላክሁ።

አባባ ወደ ጠርዙ እጃቸውን ሰድደው ውፍረቱን በስንዝር ለኩ። "እዚህ ላይ ሳስቷል" አሉ። እኔ ፎቶው ስር የመጣውን አስተያየት እያነበብኩ ነበር።

ጥር 22

አናቱ ላይ ደረስን። 24ቱ ወራጆች አንድ አጭር እንጨት አቅፈው የሚገናኙበት ቦታ። ሳሩ እዚህ ተሰብስቦ እንደ ሹሩባ ይታሰራል፤ የታሰረው ጫፍ ግን ወደ ሰማይ የተከፈተ ነው። ዝናብ ከእንጨቱ ጋር ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባበት በር ማለት ነው። ጉልላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እኔ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ እንቁላል መሳይ ነገር ያለበት ጉልላት ነበር ያሰብኩት። እማዬ ሥዕሉን አይታ "ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ የምትሠራው?" አለች። እውነትም የሰጎን እንቁላል የቤተ ክርስቲያን ነው። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል፣ ሰውም ልቡን ከፈጣሪው እንዳይነቅል ይባላል። ቡና ቤት ላይ አይሆንም።

አባባ ያረጀ እንስራ አምጡ አሉ። አዲስ አይደለም፤ ያረጀ። ብዙ ዘመን ውሃ የተቀዳበት፣ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ። በጀሪካን ዘመን ያረጀ እንስራ የት ይገኛል? ገበያ ሄጄ ስጠይቅ ሸክላ ሻጯ "አዲሱን ትተህ አሮጌ?" ብላ ሳቀችብኝ። በመጨረሻ የተገኘው ከላሟ ባለቤት ቤት ነው። አጥር ሥር ወድቆ ዶሮ እየተኛበት። በነፃ ሰጠኝ፤ የሳሩን ካሳ መሆኑ ነው።

አንገቱ ተሰብሮ ወደ ታች ተደፋ። እንጨቱን ከነሹሩባው ዋጠው። ከሩቅ ሲታይ ኮፍያ ነው።

ኮንሶዎችም ጣሪያቸው ላይ ሸክላ ይደፋሉ፤ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር ያየ ሰው ያውቀዋል። ዶርዜ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከዓመታት በፊት ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ ጨንቻ ወጥቼ ነበር። ቤታቸው የዝሆን ፊት ነው። ግንባር አለው፣ ዓይን አለው፣ በሩ ጋ ኩምቢ የሚመስል ነገር ወጣ ይላል። ቀርከሃ እንደ ስፌት ተጠልፎ፣ በላዩ የእንሰትና የቀርከሃ ሽፋን። ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ለምን ያን ያህል? ምስጥ ከታች ይበላዋላ። የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ በየዓመቱ ያጥራል፤ ረዝሞ የተወለደው ለማጠር ነው። ያኔ እንደ ጌጥ ነበር ያየሁት። አባባ ቢያዩት "ይሄ ምን ይሠራል?" ብለው አይጠይቁም ነበር።

ጥር 26

ምሰሶው ተነቀለ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ። እላዬ ላይ አንድ ቶን የሚጠጋ ሳር አለ። አባባ ግን ማገሩ ይይዘዋል አሉ። ክብ ማገር እንደ በርሜል ቀለበት ነው፤ ወራጆቹ ወደ ውጭ ሊሸሹ ሲሉ ያቅፋቸዋል። ሥሩን ቆፍረን ምሰሶውን በመዶሻ ወደ ጎን መታነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣሪያው ጓ አለ። ልጡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንቋቋ፤ እንደ ትልቅ ቅርጫት ሲያነሱት የሚሰማ ድምፅ። አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለና ቆመ።

አባባ አልሸሹም። እኔ ማንጎው ሥር ነበርኩ።

የካቲት 3

ምሰሶው ከወጣ በኋላ ውስጡ ባዶ ሆነ። ቀና ስል የሚታየኝ የ24 ወራጅ ጫፍ፣ የተዝረከረከ ልጥና የእንስራው ጨለማ ነው። አስቀያሚ። ከውጭ ሎጅ፣ ከውስጥ ጎተራ።

እማዬ ምንም ሳትለኝ ወስፌዋን አወጣች። ለአናቱ የሚሆን ሰፊ ክብ ስፌት ልትሰፋ ነው። ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር። አለላውን ራሷ ነከረችው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ትንሽ ቢጫ።

አባባ ክፍያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አዩት። እኔን የጠየቁኝን ጥያቄ እሷንም ጠየቋት። "ይሄስ ምን ይሠራል?"

እማዬ ከሥራዋ ቀና አላለችም። "ከሳሩ ጉድፍ አይወርድም? ስኒ ውስጥ ይግባ?"

አባባ ሳቁ። እስከዛሬ ሲስቁ አላየሁም ነበር።

መጋቢት

ምንም። እማዬ ትሰፋለች። እኔ ግድግዳውን ጭቃ መረግሁ። ጭድና ጭቃ መርገጥ ለጉልበት ጥሩ አይደለም፣ ሌላ የሚነገር ነገር የለውም።

ሚያዝያ 21

ዛሬ ማታ ከየት መጣ ሳይባል ዶፍ ወረደ። አርባ ደቂቃ። ባትሪ ይዤ ጎጆዋ ውስጥ ገባሁ።

አናቱ ደረቅ። እንስራው ሥራውን ሠርቷል። የታችኛው ክዳን ደረቅ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ግን ሰባት ቦታ ይንጠባጠባል። ቆጠርኳቸው። ሰባቱም ሞገዱ "ገባ" ያለበት ቦታ ናቸው። ጠርዙን ሳሳምር ማሰሪያውን የሚሸፍነውን ሳር ነው የቆረጥኩት። ማሰሪያውን ውሃ አየው።

ጥቅሉ ደግሞ የባሰ ነው። ደንገል ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ታንኳ የሚንሳፈፈው በዚያ ነው። ክፈፍ ሥር ሲሆን ግን ከጣሪያው የሚወርደውን ሁሉ ይጠጣል። ጠጥቶ ጠጥቶ ከበደ፣ በሩ በኩል ተበጥሶ እንደ ዘንዶ መሬት ተንጋለለ። የታችኛውን ሳር ጫፍም እርጥብ አድርጎ ይዞት ቆይቷል።

ለወዳጄ ደወልኩለት። "ታንኳ እንኳ ሥራ ሲጨርስ ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። አንተ መቼ ልታወጣው ነበር?" አለኝ። ይህን በታኅሣሥ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። "ለምን እንደሆነ መቼ ነገርከኝ? ርዝመቱን ብቻ ነው የነገርከኝ።"

ሚያዝያ 25

አባባ መጡ። "አላልኩህም?" አላሉም። ያ ባሰኝ።

ጥቅሉ ተቆርጦ ወጣ። በቦታው ምንም አልገባም፤ ክፈፉ በማጭድ እኩል ተከርክሞ ብቻ ቀረ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከሳሱት ቦታዎች በላይ ያለው ማሰሪያ እየላላ አዲስ ሳር በዱላ ወደ ውስጥ ተመታ። ጠርዙ አንድ ስንዝር ከግማሽ ወፈረ። ሞገዱ ጠፋ።

"ደረጃውንስ ላፍርሰው?" አልኳቸው።

"ለምን? ያምራል እኮ!"

"ምን ይሠራል ይሉኛል ብዬ ነው።"

"ያምራላ" አሉ፣ መሰላሉን እየወረዱ። እኚህን ሰውዬ ገና አልገባኝም።

ከመሄዳቸው በፊት እማዬን አንድ ነገር አደራ አሏት። ክረምት እስኪገባ አልፎ አልፎ ውስጡ እሳት ይነድ፣ ይጭስ። ጭስ ሳሩን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ምድጃ ያለበት የገጠር ቤት ክዳኑ ከውስጥ ጥቁር ሆኖ ዕድሜ የሚያገኘው በዚህ ነው። እማዬ "ስፌቴ ሊጠቁር?" አለች። ከተሰቀለ በኋላ እሳቱ እንዲቀር ተስማሙ።

ግንቦት 12

ስፌቱ ተሰቀለ። እኔ መሰላል ላይ፣ እማዬ ከታች እያዘዘች። ወደ ግራ። ትንሽ። አይ፣ በዛ። በአራት ልጥ ከወራጆቹ ጋር ታሰረ።

መሬት ላይ እያለ ሰፌድ ነበር። ላይ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆነ። ወራጆቹ ከዳር እየጠበቡ መጥተው ቀዩ ዙር ላይ ይቆማሉ፤ ሥራው ሁሉ ከሷ የተነሳ ይመስላል። ከዳር የተጀመረው ክዳንና ከመሃል የተጀመረው ስፌት እዚያ ተገናኙ። ፎቶ ለማንሳት ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። ጎረቤታችንም ገብቶ ሳያስበው አጠገቤ ተኛ። "ይሄስ ቆርቆሮ አይሆንለትም" አለ።

ሰኔ 13

ትናንት ሚካኤል ነበር፤ ቡና ተፈላ፣ አሥራ አንድ ሰው ገባ። ሲመሽ ከባድ ዝናብ መጣ። ውሃው ከክፈፉ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ቆርቆሮ ቤት ብንሆን መደማመጥ አይቻልም ነበር፤ እዚህ የሚሰማው ሹክሹክታ ነው። አንድም ጠብታ አልገባም። አንድ ጊዜ እንግዳ እጇን ስኒዋ ላይ ስታደርግ ልቤ ቀጥ አለ። ዝንብ ነው።

ጠዋት ስነሳ እማዬ ጎጆዋ ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ቀና ብላ ቆማለች።

"መሰላሉን አምጣ" አለችኝ።

"ምን ሆነ? አፈሰሰ?"

"አላፈሰሰም። ዘጠነኛው ዙር ላይ ቀዩ አንድ ቦታ ዘሎብኛል። አውርደህ ስጠኝ።"